ጥርሷ ያለቀ ወፍጮ ትጣል ወይስ ትታከም?

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አራቱም ስለ ወፍጮ ናቸው። ተመካክራችሁ የጻፋችሁ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ሌሎቹን አጠር አጠር አድርገን እናያቸዋለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከሐይቅ ነው። ለዓመት በዓልና ለማኅበር ጠላ የምጠምቀው እኔው ነኝ። ብቅሉን የምፈጨው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በምትታሰር የብረት የእጅ ወፍጮ ነው፤ ከእናቴ ነው የወረስኳት፣ እኔ ጋ ብቻ 14 ዓመት ሆኗታል። ከሰኔ ወዲህ ግን ጠባይዋ ተበላሸ። ላላ ሳደርጋት ግማሹን ፍሬ ሳትነካው ትተፋዋለች። ጠበቅ ሳደርጋት ደግሞ ዱቄት ታደርገዋለች፣ እጀታዋም አልዞር ይላል። ጠላዬ ቀጠነ። ባለቤቴ ባለፈው ቀምሶ «ይሄ ቅራሪው ነው ወይስ ዋናው?» አለኝ። ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ ቅመም መፍጫ ግዢና ተገላገይ ትለኛለች። ወፍጮ ቤት እንዳልወስድ አንድ ጊዜ የወሰድኩት ብቅል በርበሬ በርበሬ እያለ መጣልኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ወፍጮሽን ገና አትጣያት።

ደብዳቤሽ ላይ አንድ ቃል ዓይኔን ያዘው፤ «ከሰኔ ወዲህ» ብለሻል። ሰኔ ላይ የመጣው ዝናቡ ነው። በእኛ አገር ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ውስጥ ሊገባ ምንም ሲቀረው፣ በጆንያ የተቀመጠ ብቅል እርጥበት ይስባል። እርጥብ ብቅል ደግሞ አይሰበርም፣ ይጨፈለቃል እንጂ። የወፍጮው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይለጠፍና እጀታውን ያከብደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ፍሬ አንስተሽ በጥርስሽ ስበሪው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ውስጡ ነጭ ዱቄት ከሆነ ደህና ነው። እንደ ማስቲካ ከታኘከ ግን ጥፋቱ የብቅሉ ነው፣ ወፍጮሽን በከንቱ አምተሻታል። ፀሐይ ሲወጣ አስጪው። ፀሐይ እምቢ ካለ ለብ ባለ ምጣድ ላይ እያገላበጥሽ አድርቂው፣ ግን እንዳትቆዪው። እህሉን ወደ ስኳር የሚቀይረው ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው፣ እሱ ደግሞ በኃይለኛ ሙቀት ይሞታል። እጅሽ ምጣዱን መንካት ካልቻለ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው። ለአሻሮ የምትቆዪው ገብስ ሌላ፣ ብቅል ሌላ።

ብቅሉ ደረቅ ሆኖ ወፍጮዋ እንደዚያው ከሆነች እንፍታት። ከፊት ለፊት ያለውን የማጥበቂያ ቡሎን አውልቀሽ ሽፋኑን ስታነሺ ሁለት ክብ ብረቶች ታገኛለሽ። አንዱ ከአካሉ ጋር የታሰረ ነው፣ ሌላው ከእጀታው ጋር አብሮ ይዞራል። እነሱ ናቸው ጥርሶቹ። በደረቅ ብሩሽ ጥረጊያቸውና ጥፍርሽን በቦዮቹ ጠርዝ ላይ አሳልፊው። አዲስ ጥርስ ጥፍርን ይዞ ያስቀራል። ያለቀ ጥርስ ጥፍርሽን እንደ ሳህን ያንሸራትተዋል። 14 ዓመት ላንቺ፣ ስንት ዓመት ለእናትሽ እንደፈጨች አስቢው፤ የሚያንሸራትት ይመስለኛል። ላላ ስትል የምትተፋው፣ ጠበቅ ስትል ዱቄት የምታደርገውም ለዚህ ነው። ጠርዙ የሌለ ጥርስ መቁረጥ አይችልም፣ ማሸት ብቻ ነው የሚችለው።

ቀጥሎ እጀታዋን ይዘሽ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቂው። ትንሽ ብትነቃነቅ ጤና ነው። ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተበልቶ እንቁላል መስሎ ከሆነና እጀታዋ ከወዲያ ወዲህ የምትል ከሆነ ግን ችግሩ ከጥርሱ አልፏል። እንዲህ ስትሆን አንዱ ጥርስ ከሌላው ጋር ትይዩ አይቆምም። በአንድ ጎን ይጠባል፣ በሌላው ጎን ይሰፋል። በሰፊው በኩል ሙሉ ፍሬ ያመልጣል፣ በጠባቡ በኩል ዱቄት ይወጣል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ፍርዴ ይሄ ነው፦ ጥርሱ ብቻ ካለቀ ጥርስ ብቻ ግዢ። ለብቻው ይሸጣል። ስትሄጂ ግን አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ በቃል አትግዢ። ከሩቅ አንድ የሚመስሉት ወፍጮዎች የጥርሳቸው ስፋት፣ የመሃል ቀዳዳቸውና የማሰሪያ ቦታቸው ይለያያል። በሚሊ ሜትር የሳተ ጥርስ ደግሞ ቤትሽ ገብቶ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ደሴ ብትወጪ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ብትወርጂ፣ ወፍጮዋን ጭነሽ መዞር የለብሽም፤ ሁለቱን ብረቶች በፌስታል ቋጥረሽ መያዝ ይበቃል።

ጥርስ እስኪገኝ ድረስ ማሞኛ ከፈለግሽ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሊማ የያዘ ሰው ቦዮቹን እየተከተለ ጠርዛቸውን ሊያወጣልሽ ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ራሴ ሞክሬው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ እጄ ተላጠ፣ ለሁለት በዓል ግን አገለገለኝ። እድሜ ልክ አይቆይም።

ቀዳዳው ከተበላ ቶርኖ ቤት ውሰጃት። ቀዳዳውን አስፍተው የነሐስ ቀለበት ያስገቡበታል፣ ዘንጉም እንደገና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዋጋውን ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። የቶርኖው ዋጋ አዲስ ጥርስ ተጨምሮበት ወደ አዲስ ወፍጮ ዋጋ ከተጠጋ፣ ያኔ እናትሽን አመስግነሽ ወፍጮዋን መደርደሪያ ላይ አስቀምጫትና አዲስ ግዢ።

አዲስ ስትገዢ ሻጩ ፊት ባዶዋን አዙሪያት። ባዶዋን እየተፋጨች የምትጮህ ከሆነ ጥርሶቹ ትይዩ አይደሉም። ሌላ አምጣ በይው፣ አትፈሪ፣ ብርሽ ነው። የማጥበቂያው ቡሎን ላይ መቆለፊያ ዳዶ መኖሩን እዪ፤ ያ ከሌለ በፈጨሽ ቁጥር እየላላ ይሄዳል። ጠረጴዛ ላይ የምትታሰርበት አፍ ለጠረጴዛሽ ውፍረት ይበቃ እንደሆነ ለኪ፣ ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከሁሉ በፊት ግን «መለዋወጫ ጥርስ አለህ?» ብለሽ ጠይቂ። የለም ካለ ተመልሰሽ ለኔ ልትጽፊልኝ ነው። ቤት ስትደርሺም በቀጥታ ብቅል አትፍጪባት። አዲስ ጥርስ የብረት ብናኝ ይተፋል። አንድ ኪሎ ርካሽ በቆሎ ፈጭተሽ ጣይው። ለዶሮም አትስጪ።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ ምክር። ይሄን በራሴ ገንዘብ ነው የተማርኩት። ያን የሚያብረቀርቅ የቅመም መፍጫ ገዛሁ፣ ሦስት ኪሎ ብቅል ይዤ ቁጭ አልኩ፣ አንዱን ዙር አውጥቼ ሌላውን እየጨመርኩ ሳላሳርፍ ፈጨሁ። ሁለተኛው ኪሎ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ሦስተኛው ኪሎ እስካሁን አልተፈጨም። ሻጩ ጋ ስመለስ መመሪያውን ገልጦ አሳየኝ፦ ከጥቂት ደቂቃ በላይ በተከታታይ አይሠራም፣ ማረፍ አለበት። ልክ ነበር፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ግን ሲሸጥልኝ እሱም አንድ ቃል ትንፍሽ አላለም።

ከሞተሩ በላይ አሠራሩ ራሱ ለዚህ ሥራ አይደለም። ምላጩ በደቂቃ ከ20 ሺህ ዙር በላይ እየዞረ ያገኘውን ሁሉ ይመታል፤ ገለባውንም ፍሬውንም አንድ ላይ ብናኝ ያደርገዋል። ለሚጥሚጣ ግሩም ነው። ለብቅል ግን የምትፈልጊው መሸርከት ነው፤ ፍሬው ተሰባብሮ ገለባው በመጠኑ ሳይደቅ ሲቀር። የግድ ከሆነብሽ በትንሽ በትንሹ ጨምሪ፣ ለጥቂት ሰከንድ እየነካሽ አጥፊ፣ በየመሃሉ አሳርፊው።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ለጠላ ሲሆን ብቅሉ ትንሽ ዱቄት ቢበዛበት ብዙ አያስጨንቅም። ብቅል ጠላ ውስጥ ዋና ሥራው ሌላውን እህል፣ ቂጣውንና እንኩሮውን፣ ወደ ስኳር መቀየር ነው። ሲደቅ እንዲያውም ኢንዛይሙ ቶሎ ይወጣል። ጉዳቱ ስትጠልዪ ነው፦ ጨርቁ ይደፈናል፣ ጠላው ጉሽ ሆኖ ይቆያል፣ ለመጥራት ቀን ይጨምራል። ያንቺን ጠላ ያቀጠነው ግን ዱቄቱ አይመስለኝም፤ ያልተሰበረው ፍሬ ነው። ገለባው ያልተከፈተ ፍሬ ውስጥ ውሃ በደንብ አይገባም፣ ኢንዛይሙም አይወጣም። ጋን ውስጥ ገብቶ፣ ከርሞ፣ ሙሉውን አተላ ሆኖ ለከብት ይሄዳል። ላሟ ደስ ይላታል፣ ባለቤትሽ ግን ቅራሪ ነው ወይ ይልሻል።

ስለዚህ መለኪያሽ ይሄ ይሁን። ከፈጨሽው ላይ አንድ እፍኝ አንስተሽ ሰፌድ ላይ በትኚና 100 ገለባ ቁጠሪ። ያልተነካው ፍሬ አራት አምስት ከሆነ ሥራሽን ቀጥዪ። ከአሥር ካለፈ በትንሹ አጥብቀሽ እንደገና አሳልፊው። ሁለት ጊዜ ማሳለፍ አያሳፍርም። የመጀመሪያውን ላላ፣ ሁለተኛውን ጠበቅ አድርገሽ ስታሳልፊ እጀታውም አይከብድም፣ ዱቄቱም አይበዛም።

ወፍጮ ቤቱንም ጨርሰሽ አትማዪው። በርበሬና ሽሮ በሚፈጭበት ቀን አትሂጂ። ስንዴ ወይም ገብስ ያስፈጨ ሰው ተከተዪ፣ ከራስሽ ብቅል የመጀመሪያውን ግማሽ ኪሎ ለብቻ ተቀበይና ለጠላ አታግቢው፣ ወፍጮኛውን ደግሞ «ፍጭልኝ» ሳይሆን «ሸርክትልኝ» በይው። ልዩነቱን ያውቃል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ የወፍጮ ጥርስ ገዳይ ብቅል አይደለም። ጠጠር ነው። ከአውድማ የመጣ ገብስ ጠጠር ሳይኖረው አይቀርም። ሳትዘፈዝፊው በፊት ልቀሚው፣ ከደረቀ በኋላም እንደገና አበጥሪው። አንዲት ጠጠር የዓመቱን ሥራ በአንድ ዙር ትጨርሰዋለች።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። ከብቅል ፋብሪካ የወጣ ብቅል በሰው በሰው አገኝና ቤቴ ውስጥ ለራሴና ለጓደኞቼ ቢራ እጠምቃለሁ። ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝ ባለ ሁለት ሮለር መፍጫ አለኝ፣ በድሪል ነው የማዞረው። አሁን ብቅሉን አልይዝ አለ፣ ፍሬው ሮለሩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። አለቀ ማለት ነው? እዚህ የት አገኛለሁ?

መልስ፦ የቢራ ፋብሪካ ጎረቤት ሆነህ ቤትህ መጥመቅህን ወድጄዋለሁ፣ ወንድሜ።

ባለ ሁለት ሮለር መፍጫ ላይ ብዙውን ጊዜ በድሪሉ የሚዞረው አንዱ ብቻ ነው። ሌላውን የሚያዞረው በመሃል የሚያልፈው እህል ነው። ያ ሁለተኛው ከቆመ እህሉ እንዳልከው ላዩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ድሪሉን አውልቅና ሁለተኛውን ሮለር በጣትህ አዙረው። ከከበደ ዳር ዳሩ ላይ ዱቄት ተጋግሯል ወይም ኩሽኔታው ዝጓል። በደረቅ ብሩሽ አጽዳው፣ ዳር ላይ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት አድርግለት። የሞተር ዘይት እንዳታደርግ፣ ቢራህ ውስጥ ነው የሚገባው። በውሃም አትጠበው፤ የዝገቱ መነሻ ያ ሳይሆን አይቀርም።

እንደ ልብ እየዞረም ካልያዘ የሮለሩን ገጽ ዳብሰው። ሻካራው ጥልፍ ሟሙቶ ለስልሶ ከሆነ አልቋል። አትጣለው ግን። ሮለሩን ብቻ አውጥተህ ቶርኖ ቤት ውሰድና ጥልፉን እንደገና ያውጡልህ። ብረቱ በሙቀት የጠነከረ ካልሆነ ይሠራል። አዲስ ማዘዝ ከመጣ ወፈር ያለ ሮለር ያለውን ምረጥ፣ ወፍራም ሮለር ፍሬውን ቀለል አድርጎ ይይዛል።

ክፍተቱን ደግሞ ፈትሽ። የተለመደው 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መለኪያ ከሌለህ የኤቲኤም ካርድህን አውጣ፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ቅጠል የፎቶ ኮፒ ወረቀት ብትጨምርበት ወደ 1 ትጠጋለህ። በሁለቱም ዳር እኩል መግባቱን እይ። ስንዴ ከቀላቀልክ ስንዴውን ለብቻው በጠበበ ክፍተት አሳልፈው፣ ፍሬው ከገብስ ቀጠን ይላል። ማሽላ ብትሞክር ደግሞ ገለባ እንደሌለው አስብበት፣ የሚጠልልልህን ነገር ከሌላ ማምጣት አለብህ።

ለሐይቋ እህታችን ዱቄት ግድ የለም ብያለሁ፤ ላንተ ግን ግድ አለ። ቢራ ስትጠልል ወንፊቱ የገብሱ ገለባ ራሱ ነው። ገለባው ከደቀቀ ፈሳሹ አልወርድ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ታደርጋለህ፣ የወረደውም አፍ የሚይዝ ይሆናል። ገለባው እንዳይሰባበር አንድ ዘዴ አለ። ለ5 ኪሎ ብቅል 100 ሚሊ ሊትር የማይሞላ ውሃ እየረጨህ በእጅህ አሸው፣ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ አቆየውና ፍጨው። ላዩ ይለሰልሳል፣ ውስጡ እንደደረቀ ይቀራል። ጨርሰህ ሮለሩን በደረቁ መጥረግ አትርሳ። ድሪሉንም ቀስ አድርገው፣ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር በቂ ነው። በሙሉ ፍጥነት ከለቀቅከው መፍጨት ቀርቶ ማቡነን ይሆናል።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሸዋ በር ነኝ። ለሰርግ ቀሪቦ ልናዘጋጅ ነው። ጎረቤቴ የጠላ ብቅል የምትፈጭበትን የእጅ ወፍጮ ላውስሽ አለችኝ። እኛ ቤት ደግሞ ጠላ አይገባም። ልጠቀምበት?

መልስ፦ ሃይማኖቱን ሼኽዎን ይጠይቁ፣ እሱ የኔ ዳኝነት አይደለም። በጓዳው በኩል የማውቀውን ልንገርዎ። ብቅል በቅሎ የደረቀ ገብስ ነው፤ ሳይጠመቅ አልኮል የለበትም። ወፍጮዋ ላይ የሚቀረው ዱቄት ነው። ጎረቤትዎ ጌሾ ፈጭታበት ከሆነ ግን መራራው ቀሪቦዎ ላይ ይሰማል። ፈታ አድርገው ጥርሶቹን በብሩሽ ይጥረጉ፣ ከዚያ እፍኝ ደረቅ ገብስ አሳልፈው ያንን ይድፉት። ለቀሪቦ የተቆላ ገብስ ተሰባሪ ስለሆነ ጥርሱን ላላ ያድርጉት፣ ከደቀቀ ሲጠልሉት ያስቸግርዎታል። ሲመልሱላት ደግሞ አንድ ጆግ ቀሪቦ ይላኩላት። ወሎ ላይ ባዶ ዕቃ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ወልድያ ነኝ። የአያቴ የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ አለን። ለስልሳለች፣ ገብሱ ላይዋ ላይ ይንሸራተታል። ሌላ ድንጋይ ልፈልግ?

መልስ፦ አትፈልግ። ድንጋዩ አላለቀም፣ መወቀር ብቻ ነው የሚፈልገው። አያትህ በሕይወት ካለች እሷኑ ጠይቃት፣ ስንቴ እንዳስወቀረችው ትነግርሃለች። በጠንካራ ድንጋይ ወይም በሹል ብረት ላዩን እየጠቀጠቁ ሻካራ ማድረግ ነው ሥራው። መጁም አብሮ ይወቀር፣ አንዱ ሻካራ ሌላው ልስልስ ከሆነ አይያያዙም። የላስታ ጎረቤት ሆነህ ወቃሪ አጣሁ ብትለኝ አላምንህም።

ስትወቅር ዓይንህን በመነጽር ሸፍን፣ ፍንጣሪው ቀልድ አያውቅም። ሲያልቅ በብሩሽና በብዙ ውሃ እጠባት፣ ፀሐይ ላይ አድርቃት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ የማይፈለግ እህል ፈጭተህ ድፋ። ዱቄቱን በጣቶችህ መሃል እሸው፤ ኮረት ኮረት የሚል ነገር እስኪጠፋ ድረስ ብቅል እንዳታስነካት።